የፉርጎ እግር እናዳምጥ የነበርን ሰዎች

በወረርሽኙ ምክንያት ካዚኖዎቹ የተዘጉ ሰሞን፣ ላስ ቬጋስ፣ ዊንቸስተር ውስጥ ብዙ ዓመት ከኖርሁበት አፓርታማ ሆኜ የባቡር ድምፅ ሰማሁ። ሐዲዱ ካዚኖዎቹ ከተደረደሩበት ጎዳና፣ ከስትሪፑ፣ ጀርባ ሁልጊዜም ነበር፤ የጭነት ባቡሩም በየቀኑ ያልፋል። እኔ ግን በመኪናው፣ በአውሮፕላኑና በሙዚቃው ጩኸት ተሸፍኖብኝ አንድ ቀን እንኳ ልብ ብዬ ሰምቼው አላውቅም። ያን ጠዋት መንገዱም ሰማዩም ባዶ ነበር። ሥራ ከቆመ ሁለተኛ ሳምንቱ መሰለኝ። ወጥ ቤት ቆሜ ሻይ ስቀዳ ፉርጎዎቹ እየተንጓጉ ሲያልፉ ሰማሁና ብርጭቆውን አስቀምጬ አዳመጥሁ። ከመሀል የአንዱ ፉርጎ እግር፣ የብረት ጎማው ማለቴ ነው፣ አንድ ጎኑ ተበልቷል፤ ድው፣ ድው፣ ድው እያለ አለፈ። ይህን ለማወቅ ማየት አያስፈልገኝም። ደስ አላለኝም፤ አላዘንሁምም። በዚያ ሰሞን ሰው ሁሉ ስለ ፍርሃቱና ስለ ጭንቀቱ ሲያወራ እኔ የሚሰማኝ ነገር አልነበረም። ሻዬ ግን ቀዝቅዞ አገኘሁት።

ስለ ራሴ ጥቂት ልበል። ትምህርቴ አራተኛ ክፍል ላይ የቆመ ሰው ነኝ። የቀረውን ራሴ ነኝ የተማርሁት፤ ፈረንሳይኛ ፊደል ከፉርጎ ጎን፣ እንግሊዝኛ ከካዚኖ ግድግዳ። በዚህ ከተማ ሠላሳ ዓመት ያህል የካዚኖ ወለል ስወለውል አንዲት ሳንቲም ማሽን ውስጥ ጨምሬ አላውቅም። ይህን የምናገረው ለጉራ አይደለም፤ ልጄን ፍሬህይወትን ያሳደግሁት በዚህ ዓይነት ጥብቅነት መሆኑ እንዲታወቅ ነው። ቤታችን ውስጥ አንድ ሕግ ነበር፤ ያልሠራሽውን ሠራሁ አትበዪ። ዘጠኝ ዓመቷ ሳለ ከትምህርት ቤት በተሰጣት የንባብ ቅጽ ላይ ያላነበበችውን መጽሐፍ አንብቤያለሁ ብላ ሞላች። ደረስሁባት። በማግሥቱ ኦቨርታይም ትቼ፣ እጇን ይዤ ክፍሏ ድረስ ሄድሁና ልጆቹ ሁሉ እየሰሙ ለአስተማሪዋ እንድትናገር አደረግሁ። አስተማሪዋ ራሷ ይብቃት ብላኝ ነበር። አይበቃትም አልሁ። ዛሬ ፍሬ የሆስፒታሎቹ ሰፈር በሆነው ሜዲካል ዲስትሪክት ውስጥ ነርስ ናት፤ ቤቷ ግሪን ቫሊ ነው። በዚያ በወረርሽኙ ሰሞን ሺፍቷን ስትጨርስ የምግብ ከረጢት ደጄ ላይ አስቀምጣ፣ ወደ መኪናዋ ተመልሳ ከሩቅ እጇን ታወዛውዝልኝ ነበር።

ባቡሩ የመለሰኝ ወደ አንዲት ትንሽ ከተማ ነው። ስሟን አልጽፍም፤ እዚህ የማነሳቸው ሰዎች ልጆችና የልጅ ልጆች አሁንም አሏት። ከድሬዳዋ ወዲህ፣ በረሃው ሳይጀምር፣ ሐዲዱ በነጩ ተራራ ሥር የሚጠመዘዝበት ቦታ ላይ ነበረች። ሰው የሰበሰበላት ባቡሩ ነው፤ ተራራው ደግሞ የኖራ ድንጋይ ሰጣት። ከተራራው በደማሚት የሚፈነዳው ድንጋይ በፉርጎ ተጭኖ ይወርዳል፤ አቧራው ጣራውን፣ የፓፓያውን ቅጠልና የሰውን ቅንድብ ሁሉ ነጭ ያደርገዋል። ከጣቢያው ፊት ለፊት፣ ጥጉ ላይ፣ የአንድ የመናዊ ሻይ ቤት ነበረች። ሻይ በወተት አሥር ሳንቲም፤ ሳንቡሳም አሥር ሳንቲም። በስሙኒ አንድ ሰው ጠግቦ ይወጣል፤ ስሙኒ ማለት ሃያ አምስት ሳንቲም መሆኑን ለወጣቶቹ ልንገራቸው። ዘይቱን በጆንያ ላይ ተቆልሎ ይሸጣል። የሻይ ቤቱ ሸክላ ማጫወቻ መርፌው ስለደነዘ ዘፋኙ ሁሉ ጉንፋን የያዘው ይመስል ነበር፤ እኛ ግን ዘፈን እንደዚያ ነው ብለን ነበር የምናምነው። ሴቶቹ ነፋስ የሚያነሳው ስስ ድሪያ ለብሰው ባቡሩ ሲገባ በመስኮቶቹ ሥር ይሮጣሉ፤ አንዷ ውሃ፣ አንዷ ሎሚ፣ አንዷ የተቀቀለ እንቁላል ትሸጣለች። ወንዱ ሥራ ላይ ሰማያዊ ቱታ፣ ከሥራ ሲወጣ ሽርጥና ንጹሕ ነጭ ሸሚዝ ይለብሳል። ለገሃሩ፣ ጣቢያው ማለት ነው፣ ቢጫ ነበር። ሰው የምትጭነው ፈጣን ባቡር፣ ሊትሪናዋ፣ በቀትር ስታልፍ ብርማ ቀለሟ ዓይን ይወጋል። እዚህ ላስ ቬጋስም በባቡር ጣቢያነት የተቆረቆረች ከተማ ናት ሲሉ ሰምቻለሁ። ቢሆንም የኛዋ እንደዚህች መብራት አላበዛችም። ባቡሩ ሲቀር እሷም ቀረች።

ሥራዬ የፉርጎ እግር መምታት ነበር። የማያውቅ ሰው ይስቃል። ባቡሩ ገብቶ ለሃያ ደቂቃ ሲቆም፣ ሁለት ሰዎች ረጅም እጀታ ያለው መዶሻ ይዘው አንዱ በቀኝ አንዱ በግራ ከፊት እስከ ኋላ እየሄዱ እያንዳንዱን እግር ይመታሉ። ጤነኛ ብረት ይዘምራል፤ ድምፁ ረዝሞ በሐዲዱ ላይ ይሄዳል። ስንጥቅ ያለበት አይዘምርም፤ ዱዳ ይላል። ዱዳ የሰማ ሰው አይጮኽም፤ የፉርጎውን ግድግዳ ሁለቴ ያንኳኳል። ባልደረባው ዞሮ መጥቶ ያዳምጣል። ሁለቱ ከተስማሙ ፉርጎው ይፈታል፤ አለቃችን ካቦውም ቢሆን፣ የጣቢያው ሹምም ቢሆን አይከራከርም። ጤነኛውን ፉርጎ ደግሞ እያንዳንዱ በየጎኑ በኖራ ምልክት ያደርግበታል። የኔ ምልክት አንድ ጭረት፣ የሙሜ ምልክት ክብ ነበር።

ሙሜ ባልደረባዬና አስተማሪዬ ነው። በሰባት ዓመት ይበልጠኛል። በዚያ አገር ወንድን በሴት አጠራር ማቆላመጥ የፍቅር ነው፤ ሙሜም ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አንቺ ነው ያለኝ። ዓይኔን በፎጣ አስሮ የቆመ ባቡር ዳር ዳሩን አስኬደኝ። እሱ ይመታል፤ እኔ እናገራለሁ።

"ይቺስ?"

"ዘመረች።"

"አቦ፣ ይልማ፣ ይቺ ብትዘምር እኔም ሙሽራ ነኝ። ድገሚ።"

"ዱዳ ናት።"

"ዱዳ አይደለችም፤ ጭቃ ይዛለች። ጭቃ የያዘችና የታመመች አንድ ናቸው? ሚስትሽ ስትቆጣና ሲያማት አታውቂም?"

"ሚስት የለኝም።"

"ለዚህ ነዋ የማትሰሚው።"

ስድስት ወር እንዲህ አስተማረኝ። በመጨረሻ እሱ የሚሰማውን ሁሉ እኔ ሰማሁ። እንደዚያ ያለ ነገር ከትምህርት ቤት አልተገኘልኝም።

አሁን ወደ ጥፋቱ ልምጣ። ባቡሩ በዓል አያውቅም። እኛ ግን በዓል ነበረን፤ ስለዚህ ካቦው ሳያውቅ ተለዋወጥን። በፋሲካና በመስቀል ሙሜ የሁለታችንንም ጎን ይመታል፤ በኋላ እኔ በሌለሁበት ጎን የኔን ጭረት ይሥላል። በሁለቱ ዒዶች እኔ የሱን እመታለሁ፤ የሱን ክብ እሥላለሁ። ጣቢያው ውስጥ እንዲህ ያላደረገ ሠራተኛ አልነበረም፤ ሁላችንንም ያኮራን ነገር ነበር። ባቡሩ ለሁለት ሰው የተሰላ ጊዜ ስለሚቆም ግን እየሮጡ መምታት፣ ሹፌሩንም አምስት ደቂቃ መለመን ግድ ነው።

አንድ የዒድ ቀን የድንጋዩ ባቡር ዘግይቶ ገባ። ሙሜ ነጭ ጀለቢያውን ለብሶ ልጆቹን ይዞ ወደ ዘመዶቹ ሄዷል። የራሴን ጎን ጨርሼ ወደሱ ጎን ዞርሁ። እየመታሁ ከኋላ ስድስት ፉርጎ ሲቀረኝ ካቦው ፊሽካ ነፋ። ሹፌሩ ደግሞ ልመና የማይሰማ ክፉ ሰው ነበር። ካልጨረስሁ የሙሜ አለመኖር ይታወቃል። ኖራዬን አወጣሁና እየሮጥሁ በስድስቱ ፉርጎዎች ላይ ስድስት ክብ ሣልሁ። መዶሻው በግራ እጄ ነበር። አንዱንም አልመታሁም።

ከተራራው ሥር፣ ሐዲዱ የሚጠመዘዝበት ላይ፣ ከኋላ ሦስተኛው ፉርጎ እግሩ ተሰብሮ ተገለበጠ። ፍሬን ያዡ ደጀኔ እዚያ ፉርጎ ላይ ነበር። ከድንጋዩ ሥር ሲያወጡት አንድ እግሩ አብሮት አልወጣም። በኋላ ከሻይ ቤቷ ጥግ ተቀምጦ ሲጋራ ይቸረችር ነበር። እኔ ሲጋራ አላጨስም፤ ግን ከሱ እገዛ ነበር። እየገዛሁ እጥለው ነበር።

የተገለበጠው ፉርጎ ክቡን ወደ ሰማይ አድርጎ ነበር የተኛው። መርማሪዎቹ የማን ምልክት ነው አሉ። ያን ቀን አመሻሽ ላይ ሙሜ ቤቴ መጣ። ጀለቢያውን አልቀየረም። ዱካ ላይ ተቀመጠና መሬት መሬቱን እያየ ጠየቀኝ።

"ይልማ፣ መተሻታል?"

"መትቻታለሁ።"

"አራቱንም እግር?"

"አራቱንም።"

"ዱዳ አላለችም?"

"ዘመረች።"

ለመዋሸት ትልቅ ምክንያት ነበረኝ ብል ደስ ባለኝ። አልነበረኝም። ያን ጊዜ ልጅ አልነበረኝም፤ ገና ያገባሁ ሰው ነኝ፤ አዲስ የሠራተኛ ቤት ቁልፍ ተቀብያለሁ። የሱ ልጆች ሁለት ነበሩ። አፌ ቀደመኝ፤ ከዚያ በኋላ አፌን ተከትዬ ቀረሁ።

ሙሜ ቀና ብሎ አየኝ። "አንቺ ያልሰማሽውን እኔም አልሰማውም ነበር" አለ። "ጆሮሽን ያበጀሁት እኔ ነኝ። እንግዲህ የማይሰማ ስንጥቅ አለ ማለት ነው፤ እስከ ዛሬ አላውቅም ነበር።" ከዚያ ተነሣ። "መለዋወጣችን ከታወቀ ሁለታችንም እንባረራለን፤ ሌሎቹም አብረውን ይባረራሉ። ምልክቱ የኔ ነው። የኔ ነው እላለሁ።"

እንዳለውም አደረገ። ቀኑን ሥራ ላይ ነበርሁ ብሎ አመነ። ባረሩት፤ ከሠራተኛው ቤትም አስወጡት። እሱ ሲጠየቅ እኔ ከኋላው ቆሜ ነበር። ልብ በሉ፤ ቅጣቱን የተሸከመው ወዶ ነው፤ ይህን ከሱ ላይ መውሰድ አልችልም። የኔ ጥፋት ሌላ ነው። ከአንድ ዓመት በኋላ ሌላ ጣቢያ ላይ መቺ ጠፋና ካቦው ራሱ ነገሩን ረስቼዋለሁ፣ ና ግባ ብሎ ላከበት። ሙሜ አልሄደም። ሻይ ቤት አግኝቼ ለምን አልሁት።

"የማይሰማ ስንጥቅ ካለ እኔ እዚያ ምን እሠራለሁ? ዘመረ ብዬ ሰው ልግደል?"

ያን ጊዜ መናገር እችል ነበር። ብርጭቆው እጄ ላይ ነበር፤ ሸክላው ይዘፍናል፤ ውጭ ደጀኔ ሲጋራውን ይደረድራል። አልመታኋትም ማለት ሁለት ቃል አይሞላም። ሻዬን ጠጥቼ ወጣሁ። ሙሜ ተራራው ላይ ድንጋይ መፍለጥ ገባ፤ ደማሚት ከሚፈነዳበት ዘንድ። ከጥቂት ዓመት በኋላ እኔ በጅቡቲ በኩል ወጥቼ ስደተኛ ሆንሁ፤ ከዚያም ወደዚህ። አልጻፍሁለትም። ሰው ብዙ ዓመት ዝም ካለ ዝምታው ሕመም የሚሆን ይመስለዋል፤ አይሆንም። ባዶ ይሆናል። ልጅ አሳደግሁ፤ ስለ እውነት አስተማርሁ፤ ሚስቴን ቀበርሁ፤ ወለል ወለወልሁ።

ክትባቱ ለሽማግሌዎች የተፈቀደ ጊዜ ፍሬ ወደ ሜዲካል ዲስትሪክት ወሰደችኝ። "አባ፣ አንተ ሰልፍ ያዝ፣ እኔ ፓርክ አድርጌ እመጣለሁ" አለችኝ። ጠረጴዛው ጋ ስደርስ ማስክ ያደረገች፣ ሻሿን አጥብቃ ያሰረች ሴት ወረቀቴን አየችና በአማርኛ ጠየቀችኝ።

"ጋሼ፣ ሐበሻ ነዎት አይደል? የየት አገር ሰው ነዎት?"

የከተማዋን ስም ነገርኋት። መጻፏን አቆመች።

"አባቴ የዚያ ሰው ነው። እኔም እዚያ ነው የተወለድሁት። ባቡር ላይ ይሠራ ነበር፤ ሙሜ ይባላል።" ወረቀቴን እንደገና አየችው። "ይልማ... እርስዎ ጋሽ ይልማ ነዎት? መዶሻው?"

"ነኝ።"

"አላህ። አባዬ ስለ እርስዎ ሲያወራ ነው ያደግነው። እሱ ያልሰማውን ማንም አይሰማም ይላል። ከዚያ ፉርጎ በኋላ እኮ የለገሃርን ግቢ ረግጦ አያውቅም። ባቡሩ በነበረ ጊዜ፣ ሲመጣ በዚያ አያልፍም፤ ዞሮ ነበር የሚሄደው። አሁን ጆሮው የለም፤ ድንጋዩ ጨረሰው። ወንድሜ ጆሮው ላይ ጮኾ ነው የሚያነጋግረው። ግን ቢያይዎት ደስታውን አይችለውም።" የስልክ ቁጥሯን ወረቀቱ ጀርባ ላይ ጻፈችልኝ። ስሟ ሐያት ነው።

ተወጋሁ። አሥራ አምስት ደቂቃ ተቀመጡ ተባልን፤ ተቀመጥሁ። ክንዴም ሌላውም ቦታ ምንም አልተሰማኝም።

ወረቀቱን አንድ ሳምንት በኪሴ ይዤ ዞርሁ። ከዚያ ለሐያት ደወልሁ፤ ለፍሬም ደወልሁ። ፍሬ መኖሯ ለምን አስፈለገ ቢሉኝ፣ እኔ ልጄን፣ ስትናገሪ ክፍሉ ሁሉ ይስማ ብያት ስለነበር ነው። እሑድ ጠዋት፣ እዚያ አመሻሽ ሲሆን፣ እኔ፣ ፍሬና ሐያት አፓርታማዬ ግቢ ውስጥ ሦስት ወንበር አራርቀን ተቀመጥን። ፍሬ ስልኩን በውሃ ጠርሙስ ላይ አስደግፋ አቆመችው። ስክሪኑ ላይ አንድ ኮፍያ ያደረገ ሽማግሌ መጣ። አላወቅሁትም። አጠገቡ የተቀመጠው ልጁ ጆሮው ላይ ጎንበስ ብሎ ጮኸ።

"አባዬ፣ ጋሽ ይልማ ነው!"

"አንቺ!" አለ ሙሜ፤ ድምፁን ስለማይሰማው በጣም ጮኾ። "አሜሪካ ገብተሽ ጠጉርሽን በላሽው?"

ሐያት ሳቀች። ፍሬም ሳቀች። እኔ የሙሜን ልጅ እንዲህ አልሁት።

"አልመታኋትም ብሎሃል በልልኝ።"

"ምኗን፣ ጋሼ?"

"እሱ ያውቃታል። ፉርጎዋን። ኖራ ቀባሁ እንጂ አልመታሁም በለው። መትቻለሁ ያልሁት ውሸት ነው በለው።"

ልጁ አባቱን አየ፤ እኔን አየ። ከዚያ ጮኸ። ሦስት ጊዜ ደገመው፤ ከኋላቸው ምጣድ ይዛ የምታልፍ ጎረቤት ቆማ ስትሰማ ይታየኛል። የሐያት ሳቅ ቆመ። ሙሜ ቀኝ እጁን ከጉልበቱ ላይ አነሣና መዶሻ እንደያዘ ሰው ወደ ታች ጣለው፤ አንዴ ብቻ።

"አንዷንም?" አለ።

ራሴን ግራና ቀኝ ነቀነቅሁ። ይህን ማስተርጎም አላስፈለገም።

"እንግዲያው ስንጥቋ ትሰማ ነበር።"

አዎ ብዬ ነቀነቅሁ።

"ብትመቻት ትሰሚያት ነበር።"

ነቀነቅሁ።

"እኔም" አለ። ይህን ሲል አልጮኸም። ከዚያ በሁለት እጁ ሁለት ጆሮውን ያዘና ለልጁ አንድ ነገር ተናገረ። ስልኩ ተዘጋ።

ሐያት ተነሥታ ወንበሩን አጥፋ ግድግዳው ላይ አስደገፈችው። "ለገሃር አጠገብ ሰፈር ልንከራይ ስንል አልፈቀደም ነበር" አለች፤ ለኔ ይሁን ለራሷ አልለየሁም። ሳትሰናበተኝ ወደ መኪናዋ ሄደች፤ ትክክል ናት። እኔ የሚቀለኝ መስሎኝ ጠበቅሁ። አልቀለለኝም። ከስትሪፑ ጀርባ ባቡሩ መጣ፤ ካዚኖዎቹ ስለተከፈቱ ድምፁ በግማሽ ብቻ ይሰማል። እንደ ልማዴ ላዳምጥ ሞከርሁና ተውሁት።

ፍሬ ጠርሙሱን አነሣች፤ ክዳኑን ከፍታ ዘጋችው።

"ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፣ አባ" አለችኝ።

"አውቃለሁ" አልኋት።